መታወቂያ ምን ያደርጋል፣ ኮት እያለ?

ፋይዳ ለመመዝገብ አሥር ጣትህን ትሰጣለህ። ሁለት ዓይንህ ይነበባል፣ ፊትህ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣልሃል። ስንት ማሽን፣ ስንት ሰልፍ!

የሕንጻ ጥበቃ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ሲስተም ጠፋ አይልም። ከጫማህ ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገትህ ጋ ሲደርስ ማንነትህን ጨርሷል። ጫማው የሚያበራ ከሆነ «ይግቡ ጌታዬ»። አቧራ ከያዘው «አንተ! ወዴት ነው?» ኮት የለበሰ ሰው ቦርሳው አይፈተሽም። ሌባ ኮት አይለብስማ! ቪኤይት ከመጣ ደግሞ መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። ባይታይም ሰላምታው አይቀርም። ሹፌሩ ብቻውን ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ስንት ጊዜ እጅ እንደሚነሳው እሱና ሽንኩርቱ ያውቃሉ።

ለዚህ ችሎታችን እስካሁን ያመሰገነን የለም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

ከሁሉ በፊት ቋንቋችን ይመስገን። እንግሊዝኛ ሰነፍ ነው። ለሊስትሮውም ለሚኒስትሩም «ዩ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን አፍህን ሳትከፍት ሰውየውን ሚዛን ላይ አውጣው ይልሃል። አንተ ነው ወይስ እርስዎ? ዕድሜውን ጠይቄ ልወስን እንዳትል፣ «ዕድሜህ ስንት ነው» ልትል ነው ወይስ «ዕድሜዎ»? ለመጠየቅም አስቀድሞ መወሰን አለብህ። ስለዚህ ኮቱን ታያለህ። ሌላ ምን አማራጭ አለህ?

ብንሳሳት እንኳ እርማታችን ፈጣን ነው። በቀደም ባንክ ተሰልፌ ከፊቴ አንድ ወጣት ቆሟል። ከእሱ ፊት ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ አለ። ወጣቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ይቅርታ ጋሼ፣ መጨረሻው እርስዎ ነዎት?» አለ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። «አቤት ጋሼ። እሺ ጋሼ። ብሩን አስገብቼ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። መኪናዋም ትታጠባለች» አለና ዘጋው። ወረፋው አንድ ሰው ወደፊት ሄደ። ወጣቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እስቲ ጠጋ በል!»

ኮቱ ያው ኮት ነው። ከ«እርስዎ» ወደ «በል» ለመውረድ አንድ ስልክ በቃ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ አገልግሎት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ያለው?

ቁምጣ ለብሶ የውሃ ጠርሙስ የያዘ ዲያስፖራ ነው፤ ዋጋው ወዲያው እጥፍ ይሆናል። ዓይኑ ጠበብ ያለ ሁሉ ደግሞ «ቻይና!» ነው። ኮሪያዊው አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሊያይ፣ ለቃኘው ሻለቃ ሊያነባ ቢመጣም «ቻይና! ቻይና!» እየተባለ ደርሶ ይመለሳል። ፍቅር ነው እንግዲህ።

ችሎታው የእኛ ብቻ ነው ብዬ ግን አልመጻደቅም። ጀርመኖችም ይችሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1906 ዊልሄልም ፎይግት የሚባል ጫማ ሠሪ ከእስር ቤት ወጣ። ሰልባጅ ቤት ገብቶ የመቶ አለቃም አይደል፣ የሻምበል ዩኒፎርም ገዛ። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ወታደሮች «ተከተሉኝ» አለ። ተከተሉት። በባቡር ኮፐኒክ ወደምትባል ከተማ ወሰዳቸው፣ ከንቲባውን አሰረ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ከ3,500 ማርክ በላይ ተረከበ። ደረሰኝም ፈርሞ ሰጠ፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። 4 ዓመት ቢፈረድበትም ንጉሠ ነገሥታቸው ካይዘሩ በ1908 በምሕረት ለቀቁት። እኔ ብሆን ለዩኒፎርሙም ኒሻን እሰጠው ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን በእኛ ስም የተሠራው ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910፣ እንግሊዝ አገር፣ ዌይመዝ አጠገብ። ድሬድኖት የሚባለው የባሕር ኃይላቸው መኩሪያ መልሕቁን ጥሏል። ከለንደን ቴሌግራም መጣ፤ የአቢሲኒያ መሳፍንት መርከቡን ሊጎበኙ ነው። መሳፍንቱም በባቡር ከተፍ አሉ። ፊታቸውን ያጠቆሩ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጺም የለጠፉ የለንደን ቀልደኞች! ከጺማሞቹ ልዑላን አንዷ የ28 ዓመት ሴት ናት። በኋላ ዓለም ቨርጂኒያ ዉልፍ ብሎ ያወቃት ደራሲ።

በክብር ተቀበሏቸው። የእኛ መዝሙር ስላልተገኘ የዛንዚባር ተመታላቸው። ምን ችግር አለው፣ አፍሪካ አይደለም? አስተርጓሚው የቨርጂኒያ ወንድም ነው። ትምህርት ቤት የሸመደደውን የላቲን ግጥም እየሰባበረ «አቢሲኒኛ» አደረገው። መኮንኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመኮንኖቹ አንዱ ደግሞ የእነዚህ የሁለቱ የአክስት ልጅ ነው። የገዛ ዘመዱ! ፊት ለፊት ቆሞ አላወቃቸውም። ጥምጥም ካየ በኋላ ፊት ምን ያደርግለታል? ውስጡን ለቄስ።

እኔም ባለፈው ሰኔ ለግማሽ ሰዓት ያህል ባለሥልጣን ነበርኩ። ሳላስበው።

ቤት ልንቀይር ነው። የጭነት አይሱዙው በአዲሱ ሰፈር መግቢያ ያልፍ እንደሆነ ለክተህ ንገረን ተባልኩ። ከቀብር እየተመለስኩ ስለነበር ጥቁር ሙሉ ልብስና ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ። ሜትሩን ከአጥሩ ሥር አስይዤ ወደ ሱቁ ዘረጋሁ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። «2 ሜትር ከ10 ነው። አጥሩን ካልነካ አይገባም» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ሰፈሩ ፀጥ ብሏል።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ባለ ሱቁ ነው። ማንም ሳያዘው የቲማቲም ሳጥኖቹን እያነሳ ወደ ውስጥ ወሰደ። ወዲያው የአጥሩ በር ተከፈተና አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። «ጌታዬ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምዎታል? ቡና ደርሷል፣ ይግቡ።» እኔ ደግሞ አዲስ ጎረቤት በቡና የሚቀበል ሰፈር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ገባሁ። ከሁሉ የሚመቸው ወንበር ተሰጠኝ። ፈንዲሻው ከእኔ ፊት ተቀመጠ። አቦሉ ተቀዳ። «ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

አቦሉን ሳልጨርስ አንድ ፌስታል መጣ። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ በባለቤታቸው ስም የተጻፈ ያረጀ ውል። እያወጡ ጉልበቴ ላይ ደረደሩት። «ሁሉም ሕጋዊ ነው። እርስዎ ራስዎ ይዩት። አንድ ሜትር እንኳ አልገፋንም።» እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አየሁት። ራሴንም ነቀነቅኩ። መነቅነቁ ነው ያጠፋኝ፤ ምን እንደምነቀንቅ አላውቅማ።

ቶናው ሲቀዳ ስልኬ ጠራ። ሹፌሩ ነው፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። «አንተ! ቁም ሳጥኑን ልጫነው ወይስ ይቅር?»

«የምን ቁም ሳጥን?» አሉ።

«የኛ ነው እናቴ። ቀጥሎ ያለው ግቢ ልንገባ ነው። ሰርቪሷን ተከራይተን።»

ዝም አሉ። ካርታው ወደ ፌስታሉ ተመለሰ። ደረሰኙ ተከተለ። ፈንዲሻው፣ ማን እንዳነሳው አላየሁም፣ ከፊቴ ጠፍቷል። «ሰርቪሷን ነው የተከራየኸው?» አሉኝ። «ኸ»ዋን ሰማኋት። እንደ ሲኒ ነው የወደቀችው። በረካው ለእኔ አልደረሰኝም።

ስወጣ ባለ ሱቁ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው እየመለሰ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ባለሥልጣን ሳለሁ መንገዱ ለአይሱዙ ይበቃ ነበር፣ ያኔ ነበር ማስገባት። ቁም ሳጥኑን ለአራት ተሸክመን ስናልፍ እናትየው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«አንተ! አጥሬን እንዳትነካ!»