ጎበክ ታሽ

«ሐማም ማለት እኮ ሽንት ቤት ነው!» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ እኔ ኢስታንቡል ድረስ መጥቼ ሐማም ሳልገባማ አልመለስም ብዬ ስፎክር። ልጅቷ ቤሩት ስድስት አመት ሰርታለች፣ አረብኛዋ ላይ ቀልድ የለም፣ እና እሷ ስድስት አመት ሙሉ ስትፈገፍገው የኖረችውን ሐማም እኔ ገንዘብ ከፍዬ ልገባበት መሆኑን ስትሰማ አልጋው ላይ ተንከባላ ሳቀች። ቱርኮቹ ጋ ትርጉሙ ሌላ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ነው፣ ታሪክ ያለው ነገር ነው ብላት «ሂድ ግባ፣ ስትወጣ ግን ውሃ መልቀቅ እንዳትረሳ» አለችኝ።

አንድ ነገር ግልፅ ላድርግ፣ እኔ ቱሪስት ሆኜ አይደለም የሄድኩት። የአክስቴ ልጅ ላለሊ ከሚባለው ሰፈር ልብስ እየጫነች መርካቶ የምታስረክብ ነጋዴ ናት፣ እኔን ይዛኝ የመጣችው ደግሞ ለኪሎዬ ነው። የሰውነቴን ማለቴ አይደለም፣ ቲኬቴ ላይ ያለውን የሻንጣ ኪሎ ነው። ሶስት ቀን ሙሉ ጅንስ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ወገቤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጢጢ ማለት ጀመረና የሆቴሉን ልጅ የት ልታሽ ብዬ ጠየቅኩት።

መጀመሪያ የጠራልኝ ትላልቆቹን ነው። ቼምበርሊታሽ አለ አለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1584 የሱልጣን ሙራድ 3ኛ እናት ኑርባኑ ያሰራችው፣ ሚማር ሲናን የነደፈው። አያሶፊያ ጎን ደግሞ ያው ከቱርክ ድራማ የምናውቃት የሱልጣን ሱሌይማን ሚስት ሁረም ያሰራችው አለ፣ እሱም የሲናን እጅ ነው፣ ሰውዬው ሳይሰራው የቀረው ቤት ያለ አይመስልም። ጃሎሉ የሚባለው በ1741 የተሰራ ሲሆን ገቢው አያሶፊያ ውስጥ ላለው ላይብረሪ እንዲውል ታስቦ ነው ሲለኝ በጣም ገረመኝ፣ አስቡት፣ አንዱ እድፉን ያስፈገፍጋል ሌላው በዛ ብር መፅሐፍ ያነባል። ከዛ በኋላ በ1768 ሱልጣን ሙስጠፋ 3ኛ ውሃና ማገዶ አለቀ ብሎ ትልልቅ ሐማም እንዳይሰራ ከልክሏል አሉ፣ የውሃ ፈረቃ ማለት እኛ ብቻ የፈጠርነው መስሎኝ ነበር። ሁሉም ደስ ይላል፣ ዋጋቸው ግን በዩሮ ነው የሚነገረው፣ እና ወገቤ በዩሮ የሚታሽ ወገብ ስላልሆነ ወደ ሰፈር ሐማም ወረድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደማልጠራ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ስትገባ ልብስ የምታወልቅበት ሰፊ አዳራሽ አለ፣ ዙሪያውን የእንጨት ፎቅ፣ ቁልፍ ያለው ጠባብ ክፍል ይሰጡሃል፣ ከዛ ፔሽተማል የሚሉትን ጨርቅ ያቀብሉሃል፣ ቀይ በነጭ ዳማ የሆነች ስስ ነገር ናት። አወላልቀህ እሷን ታገለድማለህ። እዚህ ጋ የመጀመሪያው የኑሮ ጥያቄ መጣ፣ ከስሯ ምን ይለበሳል? ማንን ልጠይቅ? ሽማግሌው ቱርክ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ውስጥ ቆሜ ከህሊናዬ ጋር እሟገታለሁ። በመጨረሻ ፓንቴን ሳላወልቅ፣ በላዩ ላይ ቁምጣ ደርቤ፣ በቁምጣው ላይ ፔሽተማሉን አስሬ ወጣሁ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ እግሬ ጠቆመኝ። ካልሲዬን ረስቼው ነው።

ከዛ የእንጨት ነጠላ ጫማ ሰጠኝ፣ እብነበረድ ላይ ስትሄድ ቋ ቋ ቋ ይላል፣ ተደብቀህ መግባት የሚባል ነገር የለም። ለብ ያለ ክፍል ታልፋለህ፣ ከዛ ዋናው ጋ ትደርሳለህ፣ እና እውነቱን ለመናገር እዛ ስገባ ዝም አልኩ። ጣሪያው ጉልላት ነው፣ ጉልላቱ ላይ ክብ ክብ የመስታወት ቀዳዳዎች አሉ፣ የዝሆን ዓይን ይሏቸዋል፣ በነሱ የገባው ብርሃን በእንፋሎቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ልክ ማህሌት ቆመህ ዕጣን ውስጥ ፀሐይ ስትገባ እንደምታየው። መሃሉ ላይ ትልቅ የእብነበረድ መደብ አለ፣ ከስሩ እሳት ነው የሚያሞቀው። ድሮ ቤት የሌላቸው የሙት ልጆች እዛ እሳቱ ጋ ያድሩ ነበር፣ ቱርኮች ዱርዬን ኩልሃንቤይ የሚሉት ከዛ የመጣ ነው፣ የምድጃ ጌታ እንደማለት። የኛዎቹ ዳቦ ቤት ጥግ እንደሚያድሩት መሆኑ ነው።

መደቡ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጎበክ ታሽ። በነሱ የእምብርት ድንጋይ ማለት ነው፣ እኔ ግን ሽማግሌው በጣቱ እያሳየ «ጎበክ ታሽ» ሲለኝ ትዕዛዝ መስሎኝ ለመታሸት ተኛሁ። ፍቺው ተሳሳተ እንጂ ድርጊቱ ልክ ነበር። የሚያጥበው ሰውዬ ደግሞ ተላክ ይባላል። ተላክ! እኛ ጋ ቢሆን ሲጋራ ግዛ ብለህ የምትልከው ነው የሚመስለው፣ ግን የመጣው ሰውዬ ደረቱ ብቻ የኛን ቤት በር ያክላል፣ ፂሙ እንፋሎት ውስጥ ቀድሞት ይገባል፣ እና ተላኪው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዋና ገንዳ ይኖራል ብዬ ነበር፣ የለም፣ የቆመ ውሃ አይወዱም፣ በየግድግዳው የድንጋይ ገንቦ የሚያክሉ የውሃ መቅጃዎች አሉ፣ ከዛ በጣሳ እየቀዳ ያወርድብሃል። የመጀመሪያዋ ጣሳ አናቴ ላይ ስትወርድ ሳላስበው «በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ፣ እንጦጦ የለመድኩት ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ተላክ ለአፍታ ቆሞ አየኝ፣ ትንሽ ብቆይ ኖሮ መለፍለፍ እጀምር ነበር።

እንግዲህ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አይኔን ጨፍኜ፣ ከሀገሬም ከእድሬም ከዘመድም ርቄ፣ ማንም በማያውቀኝ ከተማ ሰላም ላገኝ ስል፣ ከመደቡ ማዶ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ውይ ወገቤን።»

ይሄ ቱርክኛ አይደለም። ቀስ ብዬ አንድ አይኔን ከፈትኩ። የእድራችን ዳኛ ናቸው።

ጋሼን በህይወቴ ያለ ሙሉ ልብስ፣ ያለ ባርኔጣና ያለ ከዘራ አይቻቸው አላውቅም። አባቴ ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። እና አሁን ቀይ ዳማ ጨርቅ አገልድመው በሆዳቸው ተኝተዋል። በውጭ ሀገር አበሻ ሲያጋጥም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፣ ኬንያዊ ለመምሰል ሞከርኩ። እሳቸውም አይተውኛል፣ ምክንያቱም ፊታቸውን በፍጥነት ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁለታችንም እንዲህ እየተላለፍን ሰአቱን እንጨርሰው ነበር፣ ያ ተላክ ባይኖር። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ፊቱ በራ፣ «ሀበሽ! ሀበሽ!» አለ በጣቱ ሁለታችንንም እየጠቆመ፣ የጉልላቱ ማሚቶ ሶስት ጊዜ ደገመው። አለቀ።

ታላቅ ሰው ሲመጣ ኖር ብለህ ትነሳለህ፣ ያደግኩበት ስርአት ነው። «ኖር ጋሼ!» ብዬ ተነሳሁ። እብነበረዱ ሳሙና ነው፣ የእንጨቱ ጫማ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሄደ፣ እሳቸው ደግሞ «በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር አትነሳ!» እያሉ እኔን ለመከልከል ራሳቸው ተነሱ። አሁን ልብ በሉ፣ የኛ ሰላምታ ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው፣ በቀኝህ ትጨብጣለህ፣ በግራህ የቀኝ ክንድህን ትደግፋለህ፣ ጎንበስ ትላለህ። ፔሽተማል ደግሞ ቢያንስ አንድ እጅ ይፈልጋል፣ ጎንበስ ካልክማ ሁለቱንም። ይሄን ሂሳብ የሰራው የሀገራችን ሊቅ የለም። እኔ ከስር ቁምጣ ስላለኝ ደፈርኩ፣ ጋሼ ግን በህጉ መሰረት ነበር የለበሱት፣ ስለዚህ በግራ እጃቸው ክብራቸውን ይዘው በቀኛቸው ጨበጡኝ፣ ከዛ ትከሻ ለትከሻ ስንጋጭ ሳሙናው አንሸራቶን እንደ ሁለት አሳ ተላለፍን።

«እናትህ ደህና ናት?» ጣሳ ወረደብኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን።» «እህትህ ወለደች ወይ?» ጣሳ። «ወለደች ጋሼ፣ ወንድ።» «እሰይ፣ እሰይ።» ጣሳ። ተላክ ትግስቱ አለቀና «ያት!» አለኝ፣ ተኛ ማለት ነው፣ ይሄንንማ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ከዛ ኬሴ መጣ። ኬሴ ማለት ሻካራ ጓንት ናት፣ ከፍየል ጠጉርም የምትሸመን አለች፣ እጁን አጥልቆ ከአንገትህ እስከ ተረከዝህ ይፈገፍግሃል። እኔ በየቀኑ ሻወር የምወስድ ሰው ነኝ፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። እና ሰውዬው ሁለት ሶስቴ ክንዴ ላይ ሲያመላልስ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ግራጫ፣ ረዣዥም፣ ልክ በእጅ የተድቦለቦለ ፓስታ። የሞተ ቆዳ ነው፣ ከሁሉም ሰው ይወጣል፣ አውቃለሁ። ግን ተላክ ዝም ብሎ ያጥባል? አያጥብም። አንስቶ አሳየኝ፣ በኩራት፣ እንደ ወርቅ ቆፋሪ። እሺ አሳየኝ፣ አየሁት፣ ይብቃ። ዞሮ ለጋሼ አሳያቸው። ጋሼም ጎንበስ ብለው አይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊፈርሙ እንደሆነ ሰው። «አይ እንግዲህ፣ የከተማ አቧራ ነው» አሉ፣ ሊያፅናኑኝ። ከዛ የሳቸው ተራ ደረሰ። ምን ያህል እንደወጣ አልነግራችሁም፣ የእድር መዋጮ አለብኝ፣ እኔ ወዲያው ጀርባዬን ሰጥቼ ጣሪያው ላይ ያሉትን የዝሆን ዓይኖች መቁጠር ጀመርኩ።

አረፋው ግን ግሩም ነበር። የትራስ ልብስ የመሰለ ጨርቅ ሳሙና ውሃ ውስጥ ይነክርና አየር ሞልቶ ሲጨምቀው ዳመና ይወርድብሃል፣ አትታይም፣ ማንም አያይህም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሳፋ ውስጥ አቁማ ጆሮዬን ስታዞር የነበረው ሁሉ ትዝ አለኝ፣ እሷ እንኳን እንዲህ አልተጠነቀቀችልኝም። አረፋው ውስጥ ሆኜ ጋሼን «ለምን መጡ?» አልኳቸው። «ልጄ ነው ያመጣኝ፣ ለህክምና» አሉ ዳመናው ውስጥ ሆነው፣ ቆየት ብለው ደግሞ «ታሪካዊ ቦታም ስለሆነ» ጨመሩ። እኔም ያነበብኩትን አወጣሁ፣ በሙራድ ዘመን የሱልጣኑ ሐረም ዋና አዛዥ ሀበሺ መህመድ አጋ የሚባል የኛ ሀገር ሰው ነበር፣ በ1580ዎቹ እዚሁ ኢስታንቡል መስጊድና ሐማም አሰርቷል አልኳቸው። ጋሼ በጣም ደስ አላቸው። «አየህ! እንግዳ አይደለንማ!» ብለው ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አደረጉ።

ስንወጣ ፎጣ ራሳችን ላይ ጠመጠሙብን፣ ሁለታችንም ደብር ለማስተዳደር የተሾምን መስለን ሻይ ቀረበልን። «ሲሃትለር ኦልሱን» ይላሉ፣ ጤና ይሁን እንደማለት። ከዛ ሂሳብ። «እኔ ነኝ የምከፍለው» አሉ። «ኧረ በፍፁም ጋሼ!» «በአባትህ አፅም!» «በማርያም!» የሁለታችንም ብር ግን የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፣ ባዶ እጃችንን እየተጋፋን ነው የምንጣላው። ሌላ ሀገር ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር፣ ቱርኩ ካሸር ግን ምንም አልገረመውም፣ እነሱም ለሂሳብ ሲጋፉ ሻይ ቤት አይቻለሁ፣ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ማን እንደሚያሸንፍ ይጠብቃል። ጋሼ አሸነፉ። እኔ ጉርሻውን ልክፈል ብዬ ዞር ስል ያጠበን አንድ ሰው ነው፣ በር ላይ የተሰለፉት አራት ናቸው። ሂሳቡ ይሻለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ሴቶቹ ጋ ገባች፣ ለማየት ብቻ ብላ። ሶስት ሰአት ቆየች። ድሮ እናቶች ለልጃቸው ሚስት የሚመርጡት ሐማም ውስጥ ነው ተብሎ ተነግሯት «ጎበዞች ናቸው፣ እኛ በሜካፕ ነው የምንሸወደው» አለች። ከዛ ቆዳዋን እየደባበሰች ግራንድ ባዛር ሄዳ ሁለት መቶ ኬሴ በጅምላ ገዛች፣ በኔ ኪሎ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰፈር ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ ከነባርኔጣቸው፣ ከነከዘራቸው ገቡ። «ኖር ጋሼ» ብዬ ተነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው፣ ምንም ያልተፈታ፣ ምንም ያልወደቀ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ «ትተዋወቃላችሁ እንዴ ይሄን ያህል?» አሏቸው። «ቱርክ ተገናኝተን ነበር» ብለው አመለጣቸው። «ቱርክ? ለምን ጉዳይ?» ጋሼ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«ለስብሰባ።»

«የምን ስብሰባ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«የውሃ ሀብት» አልኩ።