ከማትሪኩ ጎን አንድ የራሳችን ትምህርት

አሜሪካ ውስጥ «ኤፒ» የሚሉት ነገር አለ፤ ሲዘረዘር «አድቫንስድ ፕሌስመንት» ነው። ጎበዝ ተማሪ ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ይወስዳል። ግንቦት ሲደርስ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጣል። ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉ ስምንት የግል ትምህርት ቤቶች «እስከ 2022 ኤፒን እንተዋለን» አሉ። የኦባማ ልጆች የተማሩበት ሲድዌል ፍሬንድስ አንዱ ነው። ክርክራቸው ፈተናው ብዙ ነገር በጥድፊያ ያስሸፍናል፣ ቆም ብሎ ለመመርመር ጊዜ አይሰጥም የሚል ነበር። በምትኩ የራሳቸው መምህራን ያዘጋጁትን ኮርስ ለመስጠት ወሰኑ።

እነሱ ይችላሉ። ልጆቻቸው ኤፒ ኖረም አልኖረ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ደሴ ላይ ቁጭ ብለን «ፈተና ይቅር» ብንል ግን የሚሰማን የለም፤ ባይሰማንም ጥሩ። እኔ የምፈልገው ማትሪኩ እንዲቀር አይደለም። ከጎኑ አንድ ሌላ ነገር እንዲቆም ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ እሰየው ነው። ግን የ2017ቱን ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ከመቶው ከ91 በላይ የሚሆኑት አላለፉም። ጥቂቱ በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት አልፎ ይገባል። የቀረው አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የያዘው አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም ስንት እንዳጣ የሚናገር።

የመምህር ችግር አለ፣ የመጽሐፍ ችግር አለ። ጦርነቱ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ቤትም ፋብሪካም ተዘርፏል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ነገ ሁሉም ቢሟላ እንኳ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ያው የወርክሽት ዓመታት ናቸው። ልጁ የሚለማመደው ከአራት አማራጭ አንዱን ማጥቆር ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ የሙያ ትምህርት እንዲገባ አስቧል። ሐሳቡ ለደሴ አዲስ አይደለም። የዛሬው ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ድሮ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እንዲህ ያሉት «ኮምፕሬሄንሲቭ» ትምህርት ቤቶች ቀለሙንና ሙያውን በአንድ ግቢ ለማስተማር የታሰቡ ነበሩ። በኋላ ሁለቱን ለያየናቸው። ሙያው የወደቀ ልጅ መሄጃ ሆነ። አሁን ቴክኒክና ሙያ ገባሁ የሚል ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

የምለው ነገር ቀላል ነው። 11ኛ ክፍል ላይ አንድ ትምህርት ይኑር፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከከተማው ተነስቶ የሚያዘጋጀው። 12ኛን አልነካም፣ ወላጅም አያስነካኝም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴ ላይ መሬቱ ለምን እንደሚንሸራተት ያጥና። ቤቶቹን ይቁጠር፣ ተዳፋቱን ይለካ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ካርታ ይሥራ። ፊዚክሱም ሒሳቡም ጂኦግራፊውም እዚያው አለ። ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ልጆቻችን ግን ማቅለሚያ እንዴት ከክር ጋር እንደሚጣበቅ ከመጽሐፍ ሸምድደው፣ የፋብሪካውን አጥር እየታከኩ ወደ ቤት ይገባሉ። ጉድ እኮ ነው።

የማኅበራዊ ሳይንሱስ? ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎን ቦታ ስም ይዘዋል። የወሎ መንዙማ አለ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ደሴ ነው። አንድ ልጅ ከሽማግሌ ቃል ሰብስቦ፣ ከጽሑፍ ጋር አመሳክሮ፣ አሥር ገጽ በራሱ ቋንቋ ቢጽፍ ከየትኛውም የታሪክ ወርክሽት ይበልጥበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ነጥቡን ማን ይሰጣል? መምህሩ ከሰጠ የኃላፊው ልጅ 95፣ የባለሀብቱ ልጅ 95፣ የጎረቤት ልጅ 95 ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ዘጠና የነበረ ልጅ ማትሪክ ላይ ሲወድቅ አይተናል። ማትሪክ እንዲቀር የማልፈልገውም ለዚህ ነው። ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ ከማንም እኩል የሚቆጠርበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ይህንን ስጋት የሚያቃልል ሰው ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ባያወራ ይሻላል።

ግን መላ አለው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ሲፈተኑ የሚመዝናቸው አሠልጣኛቸው አይደለም፤ ሌላ መዛኝ ነው። ያንኑ እናምጣው። የደሴውን ተማሪ ሥራ የኮምቦልቻ መምህር ይየው፣ የኮምቦልቻውን የደሴ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ መምህር፣ ከፋብሪካ አንድ ባለሙያ ይጨመርበት። ተማሪው ቆሞ ይጠየቅ። ሌላ ሰው ሠርቶለት ከሆነ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። ነጥቡም ለጊዜው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ አይደመር። ሰርተፊኬቱ ላይ የሠራው ሥራ ርዕስና የመዛኞቹ ውጤት ይጻፍ። ሥራ ሲጠይቅ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

መምህሩም በነጻ አይሠራም። ሌሎች ክፍለ ጊዜዎች ይቀነሱለት፤ ያለዚያ ይሄም ሌላ የሚሞላ ፎርም ሆኖ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ሁለት ትምህርት ቤት ይበቃል፤ አንድ ከደሴ፣ አንድ ከኮምቦልቻ። ምረጥ ብባል በቦርከና ነው የማስጀምራቸው። ወንዙ በደሴ አልፎ ኮምቦልቻ ስለሚወርድ ከላይም ከታችም ናሙና ወስደው ያወዳድሩት። የሚያገኙት ውጤት የከተማ አስተዳደሮቹንም ፋብሪካዎቹንም ደስ ላያሰኝ ይችላል። ልጆቹ ግን ሪፖርታቸውን በአዳራሽ፣ በሰው ፊት ያቅርቡት።