መንገዱን ነክራችሁ ፈትኑት

ሐምሌ ላይ ሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ከአስፋልቱ ስንጥቅ ቡናማ ውሃ ፊን ይላል። ሰው ሱሪው ስለተበላሸ ይሳደባል። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ይዞት የሚወጣው ደቃቅ አፈር ነው። ከሥር ያለው ጠጠር እየታጠበ ነው። መስከረም ሲጠባ እዚያው ቦታ ጉድጓድ ይጠብቀናል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ የሥሩን ጠጠር በአረፋ ሬንጅ ማሰር ነው። 170 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ሬንጅ ላይ ከክብደቱ 2 ወይም 3 በመቶ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። ውሃው እንፋሎት ይሆንና ሬንጁ እንደ ወተት ይገነፍላል። አረፋው ሁለት መለኪያ አለው፤ ስንት እጥፍ ገነፈለ፣ ግማሽ እስኪወርድስ ስንት ሰከንድ ቆየ? 6 ሰከንድ ከቆየ ደህና ነው ይባላል። ቀልድ አይደለም፣ 6 ሰከንድ! ውሃ ቢጨምሩበት የበለጠ ይነፋል፣ ግን ቶሎ ይሟሽሻል። ሁለቱን ማስታረቅ ነው ጥበቡ።

አረፋው ትልልቁን ድንጋይ አይቀባም። የሚይዘው ደቃቁን ነው፤ ያ ደቃቅ ሬንጅ ጠጥቶ ጠጠሮቹን እዚህም እዚያም ያጣብቃል። አረፋው ቀድሞ ከሞተ ሬንጁ ጓል ይሆናል፣ ደቃቁ ራቁቱን ይቀራል። ውሃ የሚገባው እዚያ ነው። 1 በመቶ ያህል ሲሚንቶ ወይም ኖራ መጨመርም ይረዳል፤ ሲሚንቶው ሲበዛ ግን ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እንዲህ የታሰረ ጠጠር ናሙና ተፈትኖ ሪፖርት ሲቀርብ የትኛውን ቁጥር ነው የምናየው? ናሙናው ደርቆ ያሳየውን ጥንካሬ ብቻ ካየን ተሸውደናል። ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ ከደረቁ ጥንካሬ ስንት በመቶ እንደቀረለት ማየትም ያታልላል። ደርቆ 100 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው)፣ ተነክሮ 80 የሆነ ጠጠር 80 በመቶ አስመዘገበ ይባላል። ደርቆ 300፣ ተነክሮ 150 የሆነው 50 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ቤቴ በር ላይ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የደቡብ አፍሪካ መመሪያ በሬንጅ ለታሰረ ጠጠር፣ ለጠንካራው ደረጃ፣ ደረቁን ከ225፣ የተነከረውን ከ100 ኪሎፓስካል በላይ ይጠይቅ ነበር። የተነከረው የራሱ ወለል አለው ማለት ነው። እኛም ጨረታ ሰነዱ ላይ መጀመሪያ ማየት ያለብን እሱን ነው።

ባለፈው ሳምንት መታጠፊያችን አዲስ አስፋልት ለብሷል። ከሥሩ ያለውን ጠጠር ግን ማንም አልነካውም። ቦዩም በሃይላንድ ጠርሙስ እንደተደፈነ ነው።