አልፈራሁም፣ ምን ይጠበስ?

አስፈሪ የተባለ ፊልም አይቼ «አላስፈራኝም» ባልኩ ቁጥር ጥፋተኛው እኔ ነኝ። «መብራት አጥፍተህ አላየኸውም» ይሉኛል። ወንድሜ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መብራት የሚያጠፋልኝ አላጣሁም።

«ኤክሶርሲስት»ን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 1973 የወጣ ነው። ለ10 ኦስካር ታጭቶ 2 ወስዷል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ነበር ይባላል። እሺ። ልጅቷን ሰይጣን ይይዛታል፣ ድምጿ ይቀየራል፣ ቄስ መጥቶ ይጸልያል፣ ጠበል ይረጫል። ታዲያ? እኛ እኮ ጀሪካን ይዘን ጠበል ቦታ ተሰልፈን ይሄንን እያየን ነው ያደግነው። ጋኔኑ ስሙን፣ መቼ እንደያዛት፣ ማን እንደላከው ሳይቀር ይለፈልፋል። አጠገቧ የተቀመጡት እናቶች ወሬያቸውን እንኳ አያቋርጡም። ፊልሙ ላይ እኔን ያናደደኝ ሐኪሞቹ ልጅቷን በምርመራ ብዛት ማንገላታታቸው ነው። የኔ እናት ብትሆን በማግስቱ ጠበል ናት!

የ1999ኙ «ብሌር ዊች» ደግሞ ባሰ። ጠንቋይዋ እስከ መጨረሻው አትታይም። ሦስት ወጣቶች ጫካ ውስጥ ጠፍተው ይነታረካሉ፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ራሴን ያመኛል። ሌሊት ኮሽታ ሰማን ብለው ያለቅሳሉ። እዚህ ከብሎኩ ጀርባ ጅብ ሲጮህ ማን ከእንቅልፉ ተነሳ?

የፈራችሁ ፍሩ፣ መብታችሁ ነው። ግን ያልፈራውን «ሲኒማ አይገባህም» ማለት ምን አመጣው? አሁን ደግሞ «ሄሬዲታሪ የሚለውን ፊልም ካላየህ አታውራ» ጀምረዋል። አየሁት እኮ! ከ2 ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ «አሁን ያስፈራኛል» እያልኩ ጠበቅኩ።