ጉበት አጣቢዎቻችን ይኑሩልን

ለጉበቱ እንደኛ የሚጠነቀቅ ሰው የት ይገኛል? አርብ ማታ ጫት፣ ቀጥሎ ጨብሲ፣ ሲመሽ አረቄ። ቅዳሜ ጠዋት እርድ በሎሚ። ጉበት ታጠበ፣ ሒሳብ ተዘጋ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የሳይንስ ፍቅራችንን ነው። የጉበት ማጠቢያ ቅጠል ሻጩ «በጥናት የተረጋገጠ» ካላለን ብር አናወጣም። ጥናቱ የተሠራው በአይጥ ላይ መሆኑ አያሳስበንም። አይጧ የቅጠሉን ጭማቂ ለቀናት ትጠጣለች። ከዚያ ጉበት የሚጎዳ፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል መርዝ ይሰጣታል። በመጨረሻ ተገድላ ጉበቷ ይታያል፤ ጭማቂ ካልቀመሱት ጓደኞቿ ጉበት ይሻላል! (እሷ ስለ ውጤቱ አልሰማችም።) ደግሞ ለእሷ በክብደቷ ልክ በሚሊግራም ተሰልቶላት ነው። እኛ በአረቄ መለኪያ እንቀዳዋለን።

የባሕር ማዶውም አልቀረብንም። ከአንድ እሾሃማ ተክል ፍሬ የሚወጣው ሲሊማሪን በእንክብል መጥቶልናል። ውስጡ ያለው ሲሊቢኒን አውሮፓ ውስጥ መርዘኛ እንጉዳይ ለበላ ሰው በደም ሥር ይሰጣል፤ ይሄ እውነት ነው። እኛ እንጉዳዩን አልበላንም፣ በደም ሥርም አልወሰድንም፤ ግን ስሙ ይመሳሰላል፣ ይበቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሲሊማሪን ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ ላለባቸው ሰዎች መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ እንዳልሠራ አሳይቷል። አይጥ ስላልሆኑ ይሆናል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የምትለዋንማ ማን ይነካታል! ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የሰው ሆድ እያሳበጠ የገደለ የጉበት በሽታ ነበር። ተመራማሪዎች ዱካውን ተከትለው የደረሱት ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ላይ ነው። አረሙም ተፈጥሯዊ ነበር። ፋብሪካ በአጠገቡ አላለፈም።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ የወፍ በሽታ ነው፤ ለሱም ቅጠል አለው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጥቂት ደም ይፈልጋል፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይደርሳል። ግን ጎረቤት ያዘዘው እያለ ለምን ሰልፍ እንያዝ?

የግድ ሆኖ ሐኪም ቤት ስንደርስም ብልሃታችን አይለየንም።

«ምን መድኃኒት ስትወስድ ነበር?»

«ኧረ ምንም፣ ዶክተር!»

ለሰፈሩ ሁሉ ፍቱን መድኃኒት ብለን ያስተዋወቅነው ቅጠል፣ ነጭ ጋወን ሲያይ ሻይ ይሆናል።