ይድረስ ለክቡር ደረጃ፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ ሰባ ሁለቱን ልጆችዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤ በታች ካለው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማን እንደጻፈልዎት ካልገባዎት፣ የአራተኛ ፎቁ ሰው ነኝ። ያ በክራንች ኳ ኳ እያለ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው። ዕጣ የደረሰን ቀን እኅቴ እልል እያለች በእርስዎ ላይ ሮጣለች፤ ያስታውሱ ይሆናል። «አራተኛ ፎቅ አየሩ ጥሩ ነው» ተባባልን። እውነትም ጥሩ ነው። ችግሩ እዚያ ሳንደርስ አየር ያልቅብናል።

ሊፍት የለዎትም። ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም ነዎት፤ አብዛኞቹ ወንድሞችዎም የላቸውም፤ በዚህ አልቀየምዎትም። ጤነኛ ሳለሁ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እወጣዎት ነበር። ስንት እንደሆኑ እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ሰባ ሁለት ነዎት። 41ኛዋ ጫፏ ተሸርፏል። 58ኛዋ ከእኅቶቿ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ትላለች፤ ግንበኛው እሷ ላይ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆኖበት መሆን አለበት።

ዳሌን እኔ የማውቀው ከዘፈን ነበር። ወንድ ልጅም ዳሌ እንዳለው የገባኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። መኪናው ከፊቱ ካለው የጭነት መኪና ጋር ተሳሳመ፤ ጉልበቴም ከዳሽቦርዱ ጋር። የሚገርመው ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ግፊቱ በጭኔ አጥንት ሽቅብ ሄዶ፣ አጥንቱ የሚገባበትን የዳሌ ጉድጓድ ሰበረው። ጠዋት ከቤት ስወጣ «በቀኝ አውለኝ» ብዬ ነበር። ቀኜ ላይ ዋለ።

መጀመሪያ ከሰውነቴ ውጭ ብረት ተተከለልኝ፤ የቴሌቪዥን አንቴና መስዬ ሰነበትኩ። ቀጥሎ ተከፈትኩና በፕሌትና በብሎን ተገጣጠምኩ። ከዚያ ቁስሉ መገለ፤ ለሦስተኛ ቀዶ ጥገና ገባሁ፤ ታጠበ፣ ብረቱም ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ «የጭን አጥንትህ ራስ ደም አጥቶ ሞቷል» አለኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ራሴ ሞተ። እሱም ተቆርጦ ወጣና በአራተኛው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገባልኝ።

በየመሃሉ እርስዎ ነበሩ። አራት ጊዜ ወረድኩ፣ አራት ጊዜ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን የሰፈር ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወጡኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ እማማ በር ከፍተው አዩኝ። አንገቴ ዘንበል ብሏል። «ወዬው ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

«እማማ፣ አልሞትኩም።»

«ታዲያ ምን ያዘናብልሃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሚት በሚያመጡ ቁጥር ጎበዝ ወጌሻ እንደሚያውቁ ይነግሩኛል። ወለምታ ሲሆን እሺ። ብሎን የሚፈታ ወጌሻ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሁለተኛውን ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለነበሩ ጀርባዬን ለእርስዎ ሰጥቼ፣ በመቀመጫዬ አንድ በአንድ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ክራንቹን ያስተማረችኝ በኋላ ነው። ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ የታመመው። በእርስዎ ላይ ይህን ማሰብ ቀላል አይደለም። 58ኛዋ ጋ ስደርስ የትኛው ደህና የትኛው በሽተኛ እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።

ሐኪሞቹ ደግሞ «ደረጃ በደረጃ ትድናለህ» ይላሉ። ከእርስዎ ጋር ተማክረው ነው?

ጠያቂዎቼም «ተስፋ አትቁረጥ» ይሉኛል። ብርቱካኑን አስቀምጠው ነው የሚሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ግን ከእኔ ያልተቆረጠ እሱ ብቻ ነው እኮ! ቆዳው ተቆርጧል፣ አጥንቱ ተቆርጧል፣ ደመወዙም ተቆርጧል።

ስለ መደገፊያዎ ሳልናገር አላልፍም። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ የሚወስደው ብረት አንድ ሌሊት ጠፋ። የት እንደሄደ እንጠረጥራለን። እኔ አሁን ዳሌዬ ውስጥ ከእርስዎ የበለጠ ብረት አለኝ። ማለዳ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ እስባለሁ። የወጡትን ብሎኖች በቡና ቆርቆሮ አስቀምጫቸዋለሁ። ለመሸጥ አይደለም። ማታ ማታ አንቀጫቅጫቸዋለሁ።

ተኝቼ ብዙ አነበብኩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001ን ሳይቀር። ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ሲደነግግ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ የሚያቅታቸውንም ያነሳል። ስሜን ብቻ ነው ያልጻፉት።

ቻርንሊ ስለሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪምም አነበብኩ። ዛሬ እኔ ጋ ያለውን ዓይነት መገጣጠሚያ መንገድ ያስያዘው እሱ ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱን የሠራው በቴፍሎን ነበር፤ ያ መጥበሻ ላይ የሚለበጠው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ። በሽተኞቹን መልሶ መክፈት ግድ ሆነበት። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ሌላ ፕላስቲክ ዞረና ያዘለት። ለካ ቀዶ ጥገናው ራሱ ተደጋግሞ የተቀደደ ነው! ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

ከአራተኛው በኋላ ዳሌዬን ከዘጠና ዲግሪ በላይ እንዳላጥፍ ታዘዝኩ። እግር ማነባበር ክልክል። በርጩማ ክልክል። ሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ ቡና ሲጠጣ፣ እኔ በትልቅ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተሰየምኩ። ልጆቹ ክርክራቸውን ወደ እኔ ማምጣት ጀምረዋል።

ግድግዳዎ ላይ ያሉትን የእርሳስ ምልክቶች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው «ግድግዳ ላይ መጻፍ ያስቀጣል» ብሎ ለጥፏል፤ እዚህ አምኛለሁ። ቆሜ ያረፍኩበትን ቦታ ነው ቀኑን እየጻፍኩ የማሰምረው። ታች በኩል በየደረጃው አለ። ከዚያ በየመታጠፊያው ይሆናል። ያለፈው ማክሰኞ ያሰመርኩት አንድ ብቻ ነው፤ 36ኛዋ አጠገብ። እሷም ላይ የቆምኩት እማማ ስለ ወጌሻው ሊነግሩኝ ስላስቆሙኝ ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለራጅ እወርዳለሁ። አምስተኛ ይኖር እንደሆነ ያኔ ይነግሩኛል። ለማንኛውም እርሳሱን ቀርጬ ኪሴ ከትቻለሁ። እባክዎ 41ኛዋን ያስጠንቅቁልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከ72ኛዋ በላይ ያለው ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለሁለተኛ ፎቅ እማማ
ለኮሚቴው (ቅጣቱን በሁለት ዙር ብከፍል)
ለቆራሌው (እንዳያስበው)
ለግራ ዳሌዬ (እንዲያውቀው ያህል)