አስታማሚ አንድ ብቻ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ የህሙማን ድጋፍ ክፍል ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይከብዳል። «ዶክተር ነህ?» አይደለሁም። «ነርስ?» አይደለሁም። «ታዲያ ነጩን ጋወን ምን አስለበሰህ?» ካርድ ክፍል የጠፋበትን አሳያለሁ፣ የላብራቶሪ ወረፋ የተምታታበትን አስተካክላለሁ፣ ሐኪሙ በችኮላ የተናገረውን ቀስ ብዬ እደግማለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ሆስፒታል ውስጥ አስታራቂ ነው» ብላ ገላግላኛለች።

ሥልጠና ላይ የተነገረን እያንዳንዱን ታካሚ ለብቻው፣ እንደየፍላጎቱ እንድናስተናግድ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ለብቻው የሚመጣ ታካሚ ከየት ይምጣ?

በቀደም አንድ አባት ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። አብረዋቸው ልጃቸው፣ ምራታቸው፣ ወንድማቸው፣ የክርስትና ልጃቸው፣ ድሮ ባሕር ዳር ስለኖረ «ከተማ ያውቃል» ተብሎ የተያዘ ጎረቤት፣ ደግሞም ጀልባ ከተገኘ አይቀር ብሎ ገበያ ሊያይ የተሳፈረ አንድ ሰው አሉ። ፎርሜ ላይ ያለችው «የአስታማሚ ስም» የምትል አንዲት መስመር ናት።

«አባባ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ሆዱን ነው» አለ ወንድማቸው።

«ኧረ ጎናቸውን ነው! ሌሊት ሲያቃስቱ የምሰማ እኔ» አለች ምራታቸው።

ከተማ የሚያውቀው ጎረቤት ሁለቱንም በእጁ ዝም አሰኛቸው። «ጨጓራ ነው። እኔም ነበረብኝ። ተልባ ነው ያዳነኝ።»

አባባ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዞራሉ። ምን እንደያዛቸው ለመስማት ከሁላችንም በላይ የጓጉት እሳቸው ይመስላሉ። «እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ» ስላቸው፣ «እነሱ ይንገሩህ ልጄ፣ ደህና አርገው ያውቁታል» አሉኝ።

የተኝቶ ታካሚ በር ላይ «አስታማሚ አንድ ብቻ» ተብሎ ተለጥፏል። ሁሉም ያነበዋል፣ ሁሉም ይስማማበታል፣ ሁሉም ያ አንዱ እሱ እንደሆነ ያምናል። ጥበቃው «ለታካሚው ምኑ ነህ?» ይላል። «ወንድሙ።» ቀጣዩም ወንድሙ ነው። ከኋላው ያለውም። ጥበቃውን የሚረታው ግን ወንድምነት ሳይሆን ፔርሙዝ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ አጥሚቱ ይቀዘቅዝብኛል» ካሉ ደንቡም ጥበቃውም ዞር ይላሉ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያለውስ? ጠያቂው ነጠላውን እንዳጣፋ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዞ ይጎርፋል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ማጽናናት ይጀምራል። «የእገሊት ባልም እኮ እንዲህ ነበር የጀመረው።» «እሱስ ዳነ?» «ኧረ፣ ነፍሱን ይማር። አንተ ግን አይዞህ።» ከዚያ ግፊቱ ሲለካ ጣራ ይነካል። ነርሷም መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ሌላ ታመጣለች።

በወረቀት ጉዳይ የምፈራው የፎገራን ሰው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከክልላችን ቀድመው ከገቡት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነው፤ የዚያ ገበሬ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከብብቱ ያወጣና የትኛው ማኅተም የት ማረፍ እንዳለበት ለእኔ ያስረዳኛል። የከተማችን ሰው ግን ጤና ጣቢያውን ዘሎ ይመጣል። «ሪፈር የታለ?» ሲባል «እዚህ ዘመድ አለኝ» ይላል። ዘመዱ እኔ መሆኔን የምሰማው እዚያው ነው።

ወደ ደቁ አባባ ልመለስ። ከቀናት በኋላ ውጤታቸው መጣ። ደህና አልነበረም። ሐኪሙ ልጃቸውን ለብቻ ጠርቶ ነገረው። ሥልጠናው ታካሚው ራሱ ቀድሞ ይወቅ ይላል፤ እኔም አምንበታለሁ፣ የሥልጠናው አዘጋጅ ግን በጎጃሜ ቤተሰብ ተከቦ ያነበበው አይመስለኝም። ልጁ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ።

«ወንድሜ፣ በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ ለአባባ እንዳትነግርብኝ። ጨጓራ ነው በላቸው።»

ከሰዓት በኋላ አባባ ልጃቸውን አምቦ ውኃ ግዛ ብለው ላኩት። ምራታቸውን ደግሞ ልብስ እጠቢ አሉ። ክፍሉ ጭር ሲል በጣታቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ነገሩ ገብቶኛል። የዶክተሩን ፊት አይቻለሁ። ለልጁ ግን አንተ እንዳታወጣበት፣ ሆደ ባሻ ነው፣ ይደነግጥብኛል። ጨጓራ ነው በለው።»

ልጁ አምቦ ውኃውን ይዞ ገባ። «እንዴት ዋሉ አባባ?» «ይቺ ጨጓራ ናት እንጂ ደህና ነኝ።» «ጨጓራ መቼስ ምን ይላል፣ ያልፋል።» ሁለቱም በየተራ እኔን ያያሉ። ፎርሙ ላይ «የታካሚው ልዩ ፍላጎት» የሚል ቦታ አለ። እስክሪብቶዬን ከፍቼ ዝም አልኩ። ቢጨንቀኝ አባባን «አሁን ምን ቢደረግልዎ ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«አዲሱን ድልድይ ባየው።»

ግንቦት 2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ማለታቸው ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ወሬውን ደሴታቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ልጁ አላቅማማም፣ «ለጨጓራ ነፋስ ጥሩ ነው» አለ። ሐኪሙ ፈቀደ፣ ባጃጅ ተጠራ፣ ከተማ የሚያውቀው ጎረቤት መንገድ ላሳይ ብሎ ከሾፌሩ ጎን ተለጠፈ። ሾፌሩ ትራፊክ ይቀጣኛል ብሎ ቢጮህ ሰሚ አላገኘም። ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሡ። አባባ መሐል ሆነው፣ ሁሉም ስቀው።

በወሩ መጨረሻ አለቃዬ ሪፖርቴን ሲያገላብጥ ብዕሩ አንድ ቦታ ቆመ።

«‹ድልድይ ማየት።› ይሄን በየትኛው በሽታ ሥር ልመድበው?»

«ጨጓራ» አልኩት።